ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ

ሳዑዲ ውስጥ ደማም አውሮፕላን ማረፊያ የወንድሜን ሚስት ልቀበል ሄጄ ነው መታሰቢያን ያገኘኋት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ዘግይቷል። እሱው ተመልሶ የሚወስዳቸው መንገደኞች በገመድና በፕላስተር የታሰሩ ካርቶኖቻቸውን ተደግፈው አዳራሹን ሞልተውታል። የእኛ ፋሲካ ማለፉ ነው፤ ረመዳን ደግሞ በር ላይ ነበር።

ዞር ዞር እያልኩ ሰው ሳይ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። አንዲት የአገሩ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የአንዲት ሐበሻ ሴት ሻንጣ እጀታ ላይ ተጣብቃ አልለቅም ብላለች። አታለቅስም፣ አትናገርም፣ ዝም ብላ ይዛለች። እናትየው ትንሽ ራቅ ብላ የመኪና ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች ወደ ጣሪያው ታያለች። ሐበሻዋ በመጨረሻ «ያላ፣ ጁጁ፣ በቃ» ስትላት ልጅቷ እጇን አነሳች። ከዚያ ዘወር ብላ ሳታይ ወደ በሩ ሄደች፤ እናትየውም ተከተለቻት።

ሴትዮዋ መጥታ አጠገቤ ዘጭ አለች።

«እህቴ፣ ሶፍት ይዘሻል?»

ሰጠኋት። አፍንጫዋን ተናፈጠችና ሳቀች። «እሷን አታልቅሺ ስላት የከረምኩት እኔ ነኝ እንግዲህ!»

አውሮፕላኑ እስኪመጣ ያጫወተችኝ ይህንን ነው።

መታሰቢያ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ደሴ አጠገብ ያለችው ሐይቅ። ባሏ ጅቡቲ ገባ ተብሎ ወሬው ከጠፋ ወዲህ ሴት ልጇን ሃኒን ይዛ እናቷ ቤት ተጠጋች። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ስትኖር፣ ሃኒ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል የሳዑዲው ጉዞ ተሳካላት።

እንዲህ ያለ ጉዞ እኛ አገር የራሱ ወግ አለው። ለጎረቤት ይነገራል፤ ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ለዕቁብ ሰብሳቢዋ ሳይቀር ይነገራል። የማይነገረው ለልጁ ብቻ ነው። ልጅ ካወቀ ያለቅሳል፤ ልጅ ካለቀሰ የእናት ሆድ ይባባል፤ ሆዷ የባባ ሴት ደግሞ መኪናው ላይ አትወጣም። የመታሰቢያም እናት «እንዳታሳውቂያት፤ ከሄድሽ በኋላ እኔ እደልላታለሁ» አሉ። ረፋድ ላይ ሻንጣው በጓሮ በኩል ወጣ። ሃኒ ባዶ ሲኒ ተሰጣትና «ጎረቤት ሂጂና ጨው ተቀብለሽ ነይ» ተባለች። ልጅቷ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ አጥሩን ዞረች። እሷ ሳትመለስ መኪናው ተነሳ። ማንም ክፉ የሠራ አልመሰለውም፤ የመንደሩ እናት ሁሉ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ደማም ስትደርስ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ያለ ቤት ገባች። ባባ የምትለው የቤቱ ጌታ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ሳምንት በረሃ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። ማዳም ሆስፒታል ውስጥ ቢሮ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ሽቶዋ ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ልጃቸው ጁወይሪያ የፊት ጥርሶቿ የወላለቁ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። «መታሰቢያ» ማለት አቅቷት «ሜቲ» አለቻት፤ ቤቱ ሁሉ ሜቲ አለ። እሷም ጁወይሪያን ጁጁ አለቻት፤ ቤቱ ሁሉ ጁጁ አለ።

ሃኒ ደግሞ በስልክ አደገች። መጀመሪያ ላይ ስልኩን አልለቅም ብላ ታለቅስ ነበር። ቆየችና «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ማለት ለመደች። ኋላ ኋላ አያቷ «ነይ፣ እናትሽ ናት» ሲሏት ከሩቅ «ጥናት ላይ ናት በይልኝ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። መታሰቢያ የሩቋን ልጅ በቅርቧ ልጅ ነበር የምትገምታት። የጁጁ ጫማ ሲጠብ «የሃኒም ጠቧል ማለት ነው» ትላለች። ጁጁ ጥርስ ስታበቅል በሐሳቧ ሃኒም ታበቅላለች። ጁጁን ኩሽናው መቃን ላይ አስደግፋ ቁመቷን በእርሳስ ስትለካ፣ ከምልክቱ ሦስት ጣት ዝቅ ብላ በጥፍሯ ሌላ ጭረት ትጭራለች።

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለቻት ጁጁ አንድ ቀን።

«የሃኒ።»

«ይችን ታህላለች?»

«ይመስለኛል።»

ጁጁ ከዚያ ወዲህ ስለ ሃኒ መጠየቅ አበዛች። ሃኒ ምን ትበላለች፣ ሃኒ ፀጉሯ እስከ የት ነው። አንድ ቀን ፀጉሯን እየሠራችላት ሳለ «ሃኒ ለምን አታናግርሽም?» ብላ ጠየቀቻት። መታሰቢያም ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ፣ በተሰባበረ አረብኛ የጨውን ነገር ነገረቻት፤ እንደ ተረት። ልጅቷ የፀጉር ማሰሪያዋን አቀበለቻት። መታሰቢያም ረሳችው።

አገሯ መግባት እየፈለገች ዓመታት ያለፉት በክፋት አልነበረም። ያ ሁሉ ሐበሻ ተለቅሞ በተባረረበት ዓመት እሷ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ የጸና ስለነበር ቀረች። ከዚያ የእኛው መንግሥት የአረብ አገር ጉዞን ዘጋና «ለዕረፍት ከሄድኩ መመለሻ የለኝም» ብላ ፈራች። ጉዞው ሲከፈት ግን አላቅማማችም። ማዳምን ኹሩጅ ጠየቀቻት፤ የዕረፍቱን ሳይሆን ጨርሶ መውጫውን። ማዳም ብታኮርፍም እሺ አለች፤ ለገና እንድትደርስ ተስማሙ። ለጁጁ እንዳይነገር ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ መታሰቢያ ናት።

«ትምህርት ቤት እያለች እወጣለሁ፣ ማዳም። እንዲህ ይሻላል፤ አታለቅስም።»

«አንቺ ልጆች ታውቂያለሽ» አለች ማዳም፤ እፎይታ ነበር ድምፅዋ ላይ።

የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ ረምዚያም በዚህ ተስማማች። ረምዚያ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሁለቱ የሚገናኙት ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ገንዳው አጠገብ ነው፤ ወሬው ካላለቀ አንዷ ትገባና ባዶ ፌስታል ይዛ ትመለሳለች።

«ለልጅቷ ነገርሻት እንዴ?»

«አብደሻል? ዝም ብዬ ነው የምወጣው።»

«ደግ አደረግሽ! እኔ የመጀመሪያው ቤት ስወጣ ለሕፃኑ ነግሬ፣ ወላሂ፣ እግሬ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቆ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነበር። ዝም ብለሽ ውልቅ ነው!»

«አንቺ ደግሞ ዝም ማለት ስትችዪ!»

«እኔማ አልችልም። ለዚያ አይደል ለሰው የምመክረው?»

የጁጁ ነገር የተበላሸው እዚያው ሰሞን ነው። ጨዋ ነበረች፤ እንዲያውም ዝምተኛ። ድንገት የአንዷን ልጅ ፀጉር ጎተተች ተባለ። በሳምንቱ የሳይንስ መምህሯ መጽሐፍ ላይ ጭማቂ ደፋች። ከዚያ መማሪያ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፋ አልከፍትም አለች። በእያንዳንዱ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ማዳም ጋ ይደውላል፤ ማዳም ሥራዋን ትታ ትመጣለች፤ ልጅቷ ገና በጠዋቱ ቤት ትመለሳለች። ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቀጥታ ኩሽና ነው። በሩ ላይ ቆማ መታሰቢያን ታያታለች።

«መጣሽ፣ ሐቢብቲ? ርቦሽ ነው አይደል?» እያለች መታሰቢያ ሩዝ ታሞቅላታለች። በልቧም «ምን ጉድ ነው፣ ይሄ ትምህርት ቤት ልጅ አስርቦ ነው የሚያሳብደው?» ትላለች።

አንድ ቀን ማዳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። ሙዲራዋ፣ ማለት ዳይሬክተሯ፣ ሊያባርሯት ነው። በዓመቱ መሐል የተባረረችን ልጅ የሚቀበል ሌላ ትምህርት ቤት የለም።

«ስሚ፣ ሜቲ» አለች ማዳም። «ካባረሯት ቤት ነው የምትውለው። እኔ ሥራ አለኝ፤ አባቷ በረሃ ነው። ከአዲስ ሠራተኛ ጋር አልተዋትም። ማፊ ኹሩጅ፣ መውጫ የለም። የሚመጣው ዓመት ትሄጃለሽ።»

ገንዳው አጠገብ ረምዚያ ይህን ስትሰማ ፌስታሉን ወርውራ ገሠጸቻት።

«እና አንቺን ምን አገባሽ? ልጅቷ አበደች አላበደች የእናቷ ሙሽኪላ፣ የእሷ ጣጣ ነው!»

«ማን ይጠብቃታል? እኔው ነኝ። ለሃኒ ደግሞ ለገና እመጣለሁ ብያታለሁ። አሁን አልመጣም ልበላት? ዳግመኛ ታናግረኛለች?»

ረምዚያ ዝም አለች። ረምዚያ ዝም ካለች ነገሩ የከፋ ነው ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ሰይዳ የምትባል ሱዳናዊት የተማሪዎች አማካሪ ነበረች። ዘለግ ያለች፣ ለንግግር የማትቸኩል ሴት ናት። ሙዲራዋን «አሁን ብናባርራት ችግሯን ይዛ ትወጣለች እንጂ እዚህ ጥላው አትሄድም። መንፈቀ ዓመቱ እስኪያልቅ ጊዜ ይሰጠኝ፤ ልጅቷን ከነቤተሰቧ በየሳምንቱ ላነጋግራት» ብላ ለመነች። ሙዲራዋ በግድ እሺ አለች፤ በመሐል አንድ ጥፋት ከተገኘ ግን ኸላስ፣ ያበቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ማዳም ሄዳ ተናድዳ ተመለሰች። «ልጅቷ አፏን አልከፈተችም፤ እኔ ነኝ የተጠየቅሁት! ማታ ምን ታወራላችሁ ትለኛለች። ምን እናወራለን? ማታ ደክሞኛል!» በሁለተኛው ባባ ከበረሃ መጥቶ ነበርና ሄደ። እሱም ዝም፣ ልጅቷም ዝም፤ ሰይዳ ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ሊወጡ ሲሉ ብቻ ጁጁን «ጠዋት ማነው የሚቀሰቅስሽ?» አለቻት።

«ሜቲ።»

«ሲያምሽስ ማነው አብሮሽ የሚያድረው?»

«ሜቲ።»

«በሚቀጥለው ሜቲን አምጧት።»

«ሠራተኛ እኮ ናት!» አለች ማዳም።

«እኔ የጠራሁት ቤቱን ነው፣ እመቤቴ። እሷስ የት ነው የምትኖረው?»

መታሰቢያ በሦስተኛው ሳምንት ጥቁር ዓባያዋን ተኩሳ፣ እንደ ተከሳሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሄደች። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ሶፋ፣ ሁለት ወንበር፣ የሶፍት ካርቶን። ሰይዳ ተቀመጪ ስትላት የሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ ቂጢጥ አለች። የፅዳት ሠራተኛዋ ሻይ በትሪ አምጥታ ስታስቀምጥ መታሰቢያን እጇ አላስቻላትም፤ ብድግ ብላ ለማዳም ቀዳች፣ ለጁጁ ቀዳች፣ ለሰይዳ ቀዳች፤ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ሰይዳ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻትና አራተኛውን ብርጭቆ ራሷ ሞላች።

«ይሄ ያንቺ ነው። ዛሬ እንግዳ ነሽ።»

ማዳም መስኮቱን ማየት ጀመረች። መታሰቢያ ብርጭቆውን ያዘች እንጂ አልጠጣችም።

ሰይዳ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጁወይሪያ፣ ከዚህ ስትመለሺ መጀመሪያ የት ነው የምትገቢው?»

«ኩሽና።»

«ለምን?»

ልጅቷ ጥፍሯን ማየት ያዘች። መታሰቢያ አዘነችላትና ጣልቃ ገባች። «ይርባታል፣ ኡስታዛ። ሩዝ አሞቅላታለሁ።»

«አይርበኝም!» ጁጁ ጮኸች። «አንድ ቀንም ርቦኝ አያውቅም! ሩዙን ሁልጊዜ ድመቷ ናት የምትበላው!»

«ታዲያ ለምን?» አለች ሰይዳ በዝግታ።

«መኖሯን ላይ።»

 ልጅቷ አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም።

«አልጋዋ ሥር ሻንጣ አለ። ቆሻሻ ገንዳው ጋ ከረምዚያ ጋር ስታወራ ኹሩጅ፣ ኹሩጅ ስትል ሰምቻለሁ፤ ሐበሻኛ ባላውቅም ኹሩጅ አውቃለሁ። ሃኒን ጨው አምጪ ብላ ልካ ነው የሄደችው። እኔን ደግሞ ትምህርት ቤት ትልከኛለች። ስመለስ አትኖርም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አሁን ሄደች፣ አሁን ሄደች እላለሁ። ካጠፋሁ ቤት ይመልሱኛል። ከተባረርኩ ደግሞ አትሄድም፤ ማማ ማፊ ኹሩጅ ብላለች።»

«ሃኒ ማናት?» አለች ማዳም።

ከምሯ ነበር የጠየቀችው። ጁጁ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። «የሜቲ ልጅ። ቁመቷ ኩሽናችን በር ላይ አለ።»

መታሰቢያ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ የምታሞቀው ሩዝ፣ ያ በር ላይ የሚቆም ፊት! «እኔ ርቧት ነው ብዬ እኮ ነው» አለች በአማርኛ፤ ለማን እንደምትናገር እሷም አታውቅም።

«አሁን የምነግርሽን ስሚኝ» አለች ሰይዳ ለልጅቷ። «ሜቲ መሄዷን ልናስቀረው አንችልም፤ ልጅ አላት፣ ልጇ ትጠብቃታለች። ሳትነግርሽ መሄዷን ግን ማስቀረት እንችላለን።» ወደ መታሰቢያ ዞረች። «ትችያለሽ? ቀኑን ነግረሻት፣ ፊቷን እያየሽ?»

«ታለቅሳለች።»

«ታልቅሳ። ምን ትሆናለች?»

 ለመታሰቢያ እናቷ፣ ጎረቤቱ፣ ረምዚያ ሁሉ ልጅ እንዳያለቅስ እንዴት እንደሚሸወድ ነበር የነገሯት። ሲያለቅስ ምን እንደሚሆን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

«እስከ ፈተና ቆዪልኝ» አለች ጁጁ። «የዓመቱ ፈተና እስኪያልቅ። ከዚያ ሂጂ። ግን ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ።»

ሰይዳ «ለዚህ ዛሬ እንዳትመልሺ፤ ሂጂና አስቢበት» ብላት ነበር። መታሰቢያ ግን እዚያው እሺ አለች። እሺ ባለች በማግስቱ ተጸጸተች፤ ይህንን አልደበቀችኝም። የማዳም ልጅ ስላባባቻት የራሷን ልጅ በድጋሚ ወደ ኋላ አደረገቻት። ገና አለፈ ማለት ነው። ጥምቀትም አለፈ ማለት ነው።

ረምዚያ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «አንቺ ሴትዮ! በአንድ ሻይ የምታስቀርሽ ሱዳናዊት መጣች አይደል? እኔ ብሆን ሻዩንም አልጠጣላት!»

«አልጠጣሁትም እኮ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ በቃ» አለች ረምዚያ፤ ሳቋ መጣና። «አሁን ለሃኒ ንገሪያት። ለአረቧ ልጅ እውነት ተነግሮ ለሐበሻዋ ውሸት አይሆንም።»

መታሰቢያ አርብ ከሰዓት ሰገነት ላይ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ሥር ቁጭ ብላ ደወለች። እናቷን «ስልኩን ለሃኒ ስጫትና ውጪ» አለቻቸው። ሃኒ ቀረበች።

«ሃኒዬ፣ ለገና አልመጣም።»

«አውቅ ነበር።»

«ቆይ፣ እንዳትዘጊው። አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን፣ ጨው አምጪ ብዬ ስልክሽ...»

«አመጣሁት እኮ።»

«ምኑን?»

«ጨውን። አመጣሁት። አያቴ ስጪኝ ብትለኝ አልሰጥም አልኩ። የላከችኝ እናቴ ናት፣ ለሷ ነው የምሰጠው አልኩ። በር ላይ ይዤው ቆምኩ።» ድምፅዋ የትልቅ ሰው ይመስል ነበር። «ኋላ እጄን ሲያልበኝ ሲኒው ተጣበቀብኝ።»

መታሰቢያ የተሰጣውን አንሶላ ፊቷ ላይ ጎትታ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት ሃኒን ስታስባት አጥሩን ዞራ ስትሄድ ነበር የምታያት። ስትመለስ አይታት አታውቅም። ልጅቷ ግን ያን ሁሉ ዓመት የኖረችው መመለሷ ላይ ነው።

«እናቴ፣ እያለቀስሽ ነው?»

«አይ... አዎ።»

«እሺ» አለች ሃኒ። ቀጥላም «መቼ ነው የምትመጪው? ቀኑን ካወቅሽው ንገሪኝ። ካላወቅሽው ግን አትንገሪኝ» አለቻት።

«ጁጁ ፈተና ስትጨርስ። ያኔ ቀኑን እነግርሻለሁ።»

«ጁጁ ማናት?»

ያኔ ነው መታሰቢያ ስለ አንዷ ልጅ ለሌላዋ ማውራት የጀመረችው፤ ሃኒም ሳትዘጋ አዳመጠች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። ጁጁ ዳግመኛ እንደማታጠፋ ለሰይዳ ቃል በገባች በወሩ አንዷን ልጅ በጥፊ መታች። ሙዲራዋ ኸላስ አለች። ማዳም ያን ዕለት ሥራዋን ትታ ሄደችና ሙዲራዋ ፊት ተቀመጠች። «ልጄን ብታባርሯት አላለቅስም፤ ግን ለምን እንደመታች አንዴ ጠይቋት» አለች። ተጠየቀች። የተመታችው ልጅ «ያሳደገችሽ ሠራተኛሽ ናት ወይስ እናትሽ?» ብላት ኖሯል። ያችው ልጅ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተደረገ፤ ማባረሩም ቀረ። ማዳም ግን በዚያ ቃል ታመመች። ከዚያ በኋላ መኪና መንዳት ተምራ ልጅቷን ጠዋት ራሷ ማድረስ ጀመረች። አነዳዷ ግን እግዜር ያውቃል፤ ሦስት ጊዜ የግቢውን በር ገጭታለች። ጁጁም «ማማ ስትነዳ ሁላችንም እንጸልያለን፤ ሜቲ በክርስቲያን፣ እኔ በእስልምና» ትል ነበር።

ሰይዳ ጋ በየሳምንቱ ሄዱ። መታሰቢያ አንዳንዴ ተጠርታ ትሄዳለች፣ አንዳንዴ እናትና ልጅ ብቻ ይሄዳሉ። የተለየ ነገር የለውም፤ ቁጭ ይላሉ፣ ያወራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይመለሳሉ። ማዳም ማታ ደክሟትም ቢሆን ልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ማለት ለመደች። ፀጉር መሥራት ግን አልሆነላትም፤ ጁጁ «አትጎትቺኝ! ሜቲ ነይ!» ስትል ኩሽና ድረስ ይሰማል። መታሰቢያ ያኔ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ «አልሰማሁም» ትላለች። እየሰማች። መሄድ ከዚያው ነው የሚጀምረው አለችኝ፤ ሲጠሩሽ ባለሽበት መቅረት።

ቀኑ ሲቆረጥ መጀመሪያ የነገረችው ለጁጁ ነው፤ እራት ላይ፣ ሁሉም ባለበት። ልጅቷ ማንኪያዋን ጣለችና ክፍሏ ገባች። አለቀሰች፣ ቤቱ እስኪናወጥ። መታሰቢያ ከበሩ ውጭ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አዳመጠቻት። ለቅሶው አለቀ። በሩ ተከፈተ። ጁጁ ዓይኗ አብጦ «ኤርፖርት እኔ ነኝ የምሸኝሽ» አለቻት፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ቀጥላ ለሃኒ ደወለች። ሃኒ «እሺ» ብቻ አለች። ሰዓቱን ግን ሁለቴ አስደገመቻት።

የአውሮፕላኑ መድረስ ሲነገር መታሰቢያ ተነስታ ዓባያዋን አራገፈች። ሻንጣዋን አብሬያት እስከ ሰልፉ ገፋሁ። ማን እንደሚቀበላት ጠየቅኋት። ቦሌ ወንድሟ ይመጣል፤ ደሴ አክስቷ ይጠብቃሉ።

«ሃኒስ?»

«አልመጣም አለች። ቤት ነው የምጠብቅሽ፣ አንኳኪና እከፍትልሻለሁ አለችኝ።» ሰልፉ ተራመደ፤ እሷም ተራመደችና መልሳ ዞረች። «ሳንኳኳ ‹ማነው?› ትላለች አይደል? እኔም ‹እኔ ነኝ› እላለሁ። ከሕፃንነቷ ወዲህ የእኔን ድምፅ ከስልክ ውጭ ሰምታው አታውቅም፤ በአካልም ያው ነው እንዴ፣ እህቴ? እስቲ እውነቱን ንገሪኝ።»